መርዶ በየትኛው የተግባቦት ዓይነት ይመደባል?

በተግባቦት፣ በጋዜጠኝነትና በፎክሎር የትምህርት ዘርፎች በአማርኛ የሚቀርቡ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቶች የንድፈ ሐሳብ ምዕራፋቸው ብዙውን ጊዜ በአንድ መንገድ ይሄዳል። በመጀመሪያ ተግባቦት ይበየናል፤ ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይና ግብረ መልስ በቀስት ተያይዘው በሥዕል ይቀመጣሉ፤ ቀጥሎም ዓይነቶቹ ይዘረዘራሉ። በማስተላለፊያው ሲከፈል ቃላዊና ቃል አልባ ይባላል። በተሳታፊዎቹ ቁጥር ሲከፈል ደግሞ ሰው ከራሱ ጋር የሚያደርገው፣ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ፣ የቡድንና የብዙኃን ተግባቦት ይሆናል። ዝርዝሩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ችግር የሚመጣው አጥኚው ከመስክ ይዞት የመጣውን ነገር በአራተኛው ምዕራፍ ከእነዚሁ ሣጥኖች በአንዱ ሊከት ሲሞክር ነው። ነገሩ አልገባ ካለ የሚስተካከለው ሣጥኑ ሳይሆን ነገሩ ይሆናል፤ ትርፍ የሆነው ተቆርጦ ይጣላል፣ ወይም “ባህላዊ ተግባቦት” የሚል ስም ተሰጥቶት ከጥግ ይቀመጣል።

ይህን አመዳደብ ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያሻም። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ብዙዎችም በራሳቸው የደረሰባቸው መርዶ ይበቃል።

ከመርዶ በፊት ግን ሣጥኖቹ ከየት እንደመጡ ማስታወስ ይገባል። የዛሬውን የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ከቀረጹት ጽሑፎች ሁለቱ በአንድ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የታተሙ ናቸው። ሃሮልድ ላስዌል ማን፣ ምን፣ በምን መስመር፣ ለማን፣ በምን ውጤት የሚሉትን አምስት ጥያቄዎች ያቀረበው በዚያ ዓመት ነው። ላስዌል ቀደም ሲል ያጠናው የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ፕሮፓጋንዳ ነበር። ክሎድ ሻነን ደግሞ የቤል የስልክ ኩባንያ የምርምር ማእከል ባልደረባ ነበር፤ ያሳሰበውም በሽቦ የሚላክ ምልክት ከጫጫታ ተርፎ በሌላኛው ጫፍ እንዴት በትክክል እንደሚደርስ ነው። የመልእክቱ ትርጉም ለምህንድስናው ጥያቄ አግባብነት እንደሌለው ራሱ በግልጽ ጽፏል። ሁለቱም ሥራዎች ለተነሡበት ዓላማ የላቁ ናቸው። የጋራ መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ተግባቦት ማለት መልእክት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ መድረሱ ነው፣ እክል ማለት ደግሞ አለመድረሱ፣ መዘግየቱ ወይም መበላሸቱ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ መርዶ ከመነሻው እክል ነው። መልእክቱ እንዲዘገይ ሆን ተብሎ ይደረጋል፤ ከደረሰም በኋላ በቀጥታ አይነገርም፤ ተቀባዩ እስኪዘጋጅ ድረስም በሌላ መልእክት ይሸፈናል።

የአሠራሩን ዝርዝር ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ማንም አይጽፈውም። ሟቹ ሩቅ አገር ከሆነ ዜናው በመጀመሪያ የሚደርሰው ለሐዘንተኛው ሳይሆን ለቅርብ ወዳጁ፣ ለጎረቤቱ ወይም ለአንድ የሥጋ ዘመዱ ነው። ያ ሰው ለብቻው ሄዶ አይናገርም። ሌሎችን ይጠራል፤ በዋዜማው ይመከራል። ምክክሩ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሐዘንተኛዋ ነፍሰ ጡር ናት ወይ? የደም ግፊት አለባት ወይ? በቤቷ ማን አለ? ማን ይናገር፤ የንስሐ አባቷ፣ ሼኹ፣ ወይስ በዕድሜ የገፉት ጎረቤት? ማን በአጠገቧ ይቁም? እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን መቼ ያምጣ? ከዚያ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይበተን፣ ተሰብስበው ወደ ቤቷ ይሄዳሉ። ማለዳ የሚመረጠው በአጋጣሚ አይደለም። መርዶውን የሰማ ሰው ሌሊቱን ከሐዘኑ ጋር ብቻውን እንዳይጋፈጥ፣ ቀኑም ሙሉ ለለቀስተኛ ክፍት እንዲሆን ነው። በማታ መርዶ የተነገረው ሰው ካለ፣ ነጋሪው ክፉ ነገር እንደሠራ ለዓመታት ይወሳበታል።

በሩ ሲንኳኳና ሲከፈት የሚሆነው ለአመዳደቡ ትልቁ ፈተና ነው። ሐዘንተኛዋ ገና ቃል ሳይወጣ ታውቃለች። ሰዓቱ፣ የሰዎቹ ብዛት፣ በሌላ ጊዜ አብረው የማይታዩ ሰዎች አብረው መቆማቸው፣ የሴቶቹ ነጠላ አለባበስ፣ የሽማግሌው ከፊት መሆን ሁሉም ይናገራል። የማታውቀው ማን እንደሞተ ብቻ ነው፤ አንዳንዴም እሱን ታውቃለች፣ ለሳምንታት “ትንሽ አመም አድርጓታል” ሲባል ሰንብቷልና። ታዲያ መርዶው ቃል አልባ ተግባቦት ነውን? እንዲህ ብሎ መደምደምም አይቻልም። ሁሉም ሰው እያወቀ፣ ሐዘንተኛዋም እያለቀሰች፣ አንድ ሰው ቃሉን መናገር ግድ ይለዋል። የሟቹ ስም በተመረጠው ሰው አንደበት እስካልተጠራ ድረስ መርዶው ተነገረ አይባልም፤ ለቅሶውም መልክ አይዝም።

እዚህ ላይ በማሟያ ጥናቶች ውስጥ ደጋግሞ ስለሚገኝ አንድ ቁጥር መናገር ያስፈልጋል። ከሰው ልጅ ተግባቦት 93 በመቶው ቃል አልባ ነው የሚለው ዐረፍተ ነገር ከስልጠና ሰነድ ወደ ስልጠና ሰነድ፣ ከዚያም ወደ ምርምር ገብቷል። ምንጩ አልበርት ሜራቢያን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ናቸው። ጥናቶቹ የፈተሹት አንድ ሰው ስለ ሌላው ያለውን መውደድና አለመውደድ ሲገልጽ ቃሉ፣ የድምፁ ቃናና የፊቱ ገጽታ እርስ በርስ ሲጋጩ አድማጩ የትኛውን እንደሚያምን ነው። 7፣ 38 እና 55 በመቶ የሚሉት ቁጥሮች ከዚያ የመጡ ናቸው፤ ስለ ተግባቦት ሁሉ አይናገሩም። ሜራቢያን ራሱ ከዚያ ክልል ውጭ እንዳይወሰዱ አሳስቧል። ቁጥሩን ያለ ምርመራ መቅዳት ስንፍና ነው ቢባል ድፍረት አይሆንም። ከስንፍናውም የሚብስ ጉዳት አለው፤ ቃልንና ቃል አልባውን በመቶኛ የሚካፈሉ ሁለት ባለ ድርሻዎች አስመስሎ ያሳያል። በመርዶ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም። ዝምታው ያሳውቃል፣ ቃሉ ያጸድቃል። የቃሉ ድርሻ ስንት በመቶ ነው ብሎ መጠየቅ በሠርግ ላይ የቃል ኪዳኑ ድርሻ ስንት ነው እንደማለት ነው።

በተሳታፊዎች ቁጥር የሚደረገውም ክፍፍል ከዚህ የተሻለ አይሠራም። የሚናገረው አንድ ሰው፣ የምትሰማው አንዲት ሰው ናትና በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ነው ሊባል ይችላል፤ ነገር ግን ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው ቢነጋገሩ ነገሩ መርዶ መሆኑ ይቀራል፤ “በመንገድ ላይ ሰማችው” ይባላል፣ እንደ ነውርም ይቆጠራል። የቡድን ተግባቦት ነው እንዳይባል ደግሞ ቡድኑ የሚወያይበትና የሚወስነው ነገር የለም፤ ውሳኔው በዋዜማው አልቋል። አብረው የሄዱት ሰዎች ላኪ ናቸው፤ በዚያው ቅጽበት አብረው ያለቅሳሉና ተቀባይም ናቸው፤ የሆነውን ሁሉ የሚያዩ ምስክሮች ናቸው፤ ሐዘንተኛዋ ራሷን እንዳትጎዳ የሚይዟትም እነሱ ናቸው። ይህ አራተኛ ሥራቸው በየትኛውም ሥዕል ላይ ቀስት የለውም።

የአማርኛ ቋንቋ ይህን ነገር በቃላቱ ውስጥ ይዞታል። “ተረዳ” የሚለው ግስ ነገሩ ገባው ለማለት ይሆናል፤ “እናቱን ተረዳ” ሲባል ግን መርዶ ተነገረው ማለት ነው፤ “ከወገኖቹ ተረዳ” ሲባል ደግሞ እርዳታ አገኘ ማለት ይሆናል። የሦስቱ አጠቃቀሞች የሥርወ ቃል ታሪክ የሌላ ጥናት ጉዳይ ነው። ለተናጋሪው ግን በአንድ ድምፅ ይኖራሉ። ማወቅ፣ ሞትን መስማትና መደገፍ በአንድ ግስ የሚገለጹበት ቋንቋ ተናጋሪ ስለ ተግባቦት ሲጽፍ፣ ማወቅን ብቻ ወስዶ ሁለቱን መተው የለበትም። “ተግባቦት” የሚለው የሙያ ቃልም ቢሆን “ገባ” ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ አንዱ ለሌላው መግባትን እንጂ ከአንዱ ወደ ሌላው መላክን አያመለክትም።

የመርዶ ጉዳይ የአንድ ልዩ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል ከዚህ ጋር ተቃራኒ የሆነ ሌላ የኢትዮጵያ ተግባቦት ማየት ይጠቅማል። በአፋር ዳጉ የሚባለው የዜና ልውውጥ በብዙ አጥኚዎች ዘንድ ይታወቃል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው፣ ብዙውን ጊዜም ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ዘነበ፣ ግጦሹ እንዴት ነው፣ ውሃ የት አለ፣ በከብት ላይ በሽታ ታየ ወይ፣ ግጭት አለ ወይ፣ ያልታወቀ እንግዳ አለፈ ወይ፤ እነዚህ ሁሉ ይጠየቃሉ። የሰማው ሰው ለሚቀጥለው መንገደኛ ያስተላልፋል። ዳጉን መንፈግ ነውር ነው፤ ሐሰት የነገረም በማኅበረሰቡ ልማድ ይጠየቃል። በሰፊውና በረሃማው ምድር ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር የዜናው እውነትነት የከብቶቹ ሕይወት ነው።

አሁን ዳጉንና መርዶን በተለመደው ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ቃላዊ ናቸው። ሁለቱም ፊት ለፊት የሚደረጉ ናቸው። ሁለቱም መሣሪያ አያሻቸውም። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ይገባሉ፤ ሣጥኑም “ባህላዊ የቃል ተግባቦት” ይባላል። በተግባር ግን የዚህን ያህል የሚራራቁ ሁለት ነገሮች ማግኘት ያስቸግራል። በዳጉ የሰማ ሰው ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበት፤ በመርዶ የሰማ ሰው ሁሉ፣ ከተመረጠው በስተቀር፣ የመዝጋት ግዴታ አለበት። ዳጉ ለተገናኙት ሁሉ ነው፤ መርዶ በተወሰነ ሰው ፊት፣ በተወሰነ ቅደም ተከተል ነው። ዳጉን ማዘግየት ጥፋት ነው፤ መርዶን ማስቸኮል ጥፋት ነው። የሁለቱ ልዩነት በመስመራቸውም ሆነ በተሳታፊዎቻቸው ቁጥር አይገለጽም። የሚለያቸው ግዴታው ነው፤ ማን መናገር አለበት፣ ማን ቀድሞ መስማት የለበትም፣ በማን ፊት፣ በስንት ሰዓት። የተግባቦትን ዓይነቶች የሚለይ አመዳደብ ይህን ካልያዘ ዋናውን ነገር አልያዘም።

ይህ የቃላት ክርክር ቢሆን ኖሮ ለመምህራን ጉባኤ በተተወ ነበር። ነገር ግን አመዳደቡ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ሰው ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሲድኒ ሮዘንና አብርሃም ቴሰር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎች ክፉ ዜና ለባለቤቱ ከመንገር እንደሚቆጠቡ በሙከራ አሳይተው፣ ለዚህ ዝንባሌ ስም ሰጥተውታል። ግኝቱ ከዚያ በኋላ በብዙ ጥናት ተደግፏል። በዚያ ማዕቀፍ ዝምታው የአንድ ግለሰብ ሽሽት ነው፤ ተናጋሪው ራሱን ከማይመች ስሜት ያድናል። ይህን ማዕቀፍ ይዞ ወደ መርዶ የሚመጣ አጥኚ ዋዜማውን ሙሉ የመከሩትን ጎረቤቶች ፈሪዎች ብሎ ሊመዘግባቸው ነው። እነሱ ግን አልሸሹም፤ በነጋታው በሩ ላይ የሚቆሙት እነሱ ናቸው።

በሕክምናም እንዲሁ ነው። ዋልተር ቤይልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ለካንሰር ሐኪሞች ያሳተሙት ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ ክፉ ዜና ስለመንገር በሚሰጡ ስልጠናዎች በስፋት ይጠቀሳል። መመሪያው ሰው ወዳድ ነው፤ ሐኪሙ እንዲቀመጥ፣ ቦታው የተከለለ እንዲሆን፣ ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ አስቀድሞ እንዲጠየቅ ያዛል። ቤተሰብ እንዲገኝም ይፈቅዳል፤ ምርጫው ግን የሕመምተኛው ነው። መሠረቱ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ተግባቦት ነውና ሦስተኛው ሰው እንግዳ ነው። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት ይህ ሲገጣጠም የሚፈጠረውን ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች የማይድን በሽታን ለሕመምተኛው ፊት ለፊት መንገርን እንደ መብት ማክበር ያዩታል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ግን እንደ ጭካኔ ወሰዱት። የጠበቁት ዜናው መጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ እንዲነገርና እነሱ ጊዜና ቦታ መርጠው እንዲያደርሱት ነበር። ሐኪሙና ሕመምተኛው በአስተርጓሚ አማካይነት በቃል በሚገባ ተግባብተዋል። መልእክቱ ያለ ጫጫታ ደርሷል። በሻነን ሥዕል መሠረት እክል የለም። እክሉ ግን ሰውን ጎድቷል።

በመርዶ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ሊሸሽም አይገባም። በኢትዮጵያ ቀብር ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግስቱ ይፈጸማልና መርዶው የዘገየበት ሰው እናቱን ሳይቀብር ይቀራል። “ትንሽ አመም አድርጓታል” የሚለው ቃል ውሸት ነው። በሪያድ ወይም በዱባይ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር ወጣት በአጠገቧ የሚይዛት ወገን የለም ተብሎ የአባቷ ሞት ለወራት፣ አንዳንዴም ወደ አገሯ እስክትመለስ ይደበቅባታል። ያን ሁሉ ጊዜ ለመድኃኒቱ ብላ ገንዘብ ልካ ይሆናል። ይህ በደል ነው፤ ባህል ነው በሚል ቃል አይሸፈንም። ነገር ግን በደሉን በትክክል ለማየት የሚያስችለው የግዴታው ሥርዓት እንጂ የመስመር ሠንጠረዡ አይደለም። በሪያድ ያለችው ወጣት መርዶው የዘገየባት መስመር ጠፍቶ አይደለም፤ ስልኳ በእጇ ነው። የጠፋው በማለዳ በር የሚያንኳኳው ጉባኤ ነው። ዝምታ የተፈቀደው ጉባኤው እስኪሰበሰብ ነበር፤ ጉባኤው ከቶ በማይሰበሰብበት ቦታ ዝምታው መጨረሻ የለውም። ጥያቄው እንዲህ ሲቀመጥ መልስ መፈለግ ይቻላል፤ በዚያ ከተማ ያለ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማኅበር፣ ወይም አብረው የሚያድሩ ጓደኞች የጎረቤትን ቦታ ሊይዙ የሚችሉት እንዴት ነው?

በተቃራኒው ደግሞ መርዶ ካለ ጉባኤ የሚደርስበት ጊዜ መጥቷል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የሐዘን መግለጫውን በትዊተር ያወጣው በዚያው ጠዋት ነበር፤ ዓለምም አደጋውን በቅድሚያ ያወቀው ከዚያ ነው። መንግሥት ዝም ማለት ነበረበት አይባልም፤ በአውሮፕላኑ ከ30 በላይ አገራት ዜጎች ነበሩ፤ መረጃውም የሕዝብ ነው። ነገር ግን የሐዘን መግለጫ ለሐዘንተኛው የሚቀርበው ሐዘንተኛ መሆኑን ካወቀ በኋላ ነው። ያ ቅደም ተከተል በብዙኃን መገናኛ ሲገለበጥ አንድ ዓይነት ተግባቦት ሌላውን ዓይነት ይሽረዋል። በፌስቡክ በየቀኑ፣ በትንሹም ቢሆን፣ ይኸው ይሆናል፤ የሩቅ ጓደኛ “ነፍስ ይማር” ብሎ ፎቶ ይለጥፋል፣ እኅትየዋ በአውቶቡስ ውስጥ ታነበዋለች። ለጣፊው ደግ ልብ ያለው ሰው ነው። ለሥራው የሚሆን ነውር ግን ገና ስም አልወጣለትም።

ለተመራማሪዎች ከዚህ የሚወጣው ሥራ ትልቅ ንድፈ ሐሳብ መፍጠር አይደለም። ጄምስ ኬሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ተግባቦትን ከማስተላለፍ ይልቅ እንደ ሥርዓተ ክዋኔ መመልከት እንደሚቻል ጽፏል፤ ብዙ ማሟያ ጥናቶችም ይጠቅሱታል፤ ጠቅሰው ግን ወደ ቀስቶቹ ይመለሳሉ። የሚጎድለው የመስክ መሣሪያው ነው። የተለመደው መጠይቅ “መረጃ የሚያገኙት ከየት ነው?” ብሎ ይጠይቅና ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ጋዜጣ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ ብሎ ካሰለፈ በኋላ በመጨረሻ “ሌላ” ይላል። ዳጉ “ሌላ” ነው። የእድር ጥሩምባ “ሌላ” ነው። የቡና ወሬ “ሌላ” ነው። ምልክቱ “ሌላ” ላይ በርክቶ ሲገኝ ወረዳው የመረጃ እጥረት አለበት ተብሎ ይጻፋል፤ በዚያም መሠረት የድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ይላካል።

በዚያ ገጽ ላይ ሌሎች ጥያቄዎች ሊገቡ ይችላሉ። ይህን ዓይነቱን ወሬ የሰማ ሰው ለማን መንገር አለበት? ለማን መንገር የለበትም? ማን ሲናገረው ይታመናል? ሳይነገር ስንት ጊዜ ሊቆይ ይችላል? ቢያስቀረው ወይም ቢያስቸኩለው ምን ይባላል? ለወረርሽኝ ዜና፣ ለድርቅ ማስጠንቀቂያ፣ ለደም ምርመራ ውጤት፣ ለመርዶ መልሶቹ የተለያዩ ይሆናሉ። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በአንድ ዓይነት አንደበት፣ በአንድ ዓይነት ስልክ የሚነገሩ ነገሮች በስንት ዓይነት እንደሚከፈሉ የሚታወቀው እነዚያ መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ ቁጥሩም በመማሪያ መጽሐፉ ካለው ጋር መግጠም አይኖርበትም።